ወለል ሲመታ

ዙሪክ አጠገብ ባለችው በሽሊረን አሁን በምኖርበት ቤት፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ሕፃን አለ። ስሙን አላውቀውም፣ ሲቆጣ ግን በተረከዙ ወለሉን ድብ ድብ ያደርገውና ጣሪያዬ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ጎረቤት በዚህ ድምፅ ይማረራል፤ እኔ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ ዞር እላለሁ፣ ሰው የሚጠራ ይመስለኛልና። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ያ ድምፅ ስም ነበር፣ የታላቅ እህቴ የምሕረት ስም። እማዬ ምሕረትን ስትፈልጋት በቀኝ እግሯ ወለሉን ሁለቴ ትመታው ነበር፣ በዙሪክ ዜባህ ሰፈር የነበረው የአሮጌው ቤታችን ወለል ጣውላ ስለነበር ምቱ በእንጨቱ ውስጥ ተጉዞ ምሕረት እግር ሥር ይደርስና እሷ ከመጽሐፏ ቀና ብላ ትዞር ነበር። ከታች የሚኖሩት አሮጊት ደግሞ እሑድ እሑድ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየደበደቡ ይመልሱልን ስለነበር፣ አባዬ «ምሕረት ሁለት እናት አላት፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ይጠሯታል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ምሕረት ስትወለድ ትሰማ ነበር። የተወለደችው ጄኔቫ ነው፣ እኔ ገና ሳልኖር፣ እማዬ በአንድ ዲፕሎማት ቤት እያጠበችና እያስተናገደች በምትሠራበት ጊዜ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማጅራት ገትር ያዛት፤ ያን ቀን ማዳም እንግዶች ጠርታ ስለነበር እማዬ «ልጄ ታማብኛለች» ብላ ለመውጣት አፍራ ሥራውን እስክትጨርስ ቆየች፣ ከዚያ አቅፋት ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፣ ጆሮዋን ግን ሊመልሱላት አልቻሉም። ይህን የነገረን አባዬ ነው። እማዬ ስለዚያ ቀን ለእኛ አንሥታ አታውቅም ነበር፣ ወደ ዙሪክ ከመጡ በኋላ የጄኔቫ ስም በተጠራ ቁጥር ግን ብድግ ብላ ወደ ማድቤት ትሄድና የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ፈሪ ሆነች፣ ፍርሃቷም ወደ እኔ ተጋባ። ምሕረት ጀርባዋን ሰጥታው የፈላ ውሃ ቢገነፍል፣ ከኋላዋ ብስክሌት ቢመጣ፣ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ባለችበት እሳት ቢነሣ፣ እማዬ የማትፈራው ነገር አልነበረም። መንገድ ስንሄድ እኔ በግራ እሷ በቀኝ ሆነን ምሕረትን መሃል እናስገባት ነበር፣ እኔም ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሰው ከኋላዬ ሲመጣ ዞር ዞር ማለት ለምጄ ነበር። ምሕረት ራሷ ግን ከጨለማ በቀር የምትፈራው አልነበረም። ጨለማ ሲሆን እጅ አይታይም፣ እጅ ካልታየ ደግሞ ከሰው ጋር የምትነጋገርበት ሁሉ ይቋረጥባታል።

ነገሩ የጀመረው በጸደይ ነው፣ ምሕረት አምስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ስትል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የሚያስተምሯት ሄር ብሩነር አባዬንና እማዬን ጠርተው፣ ምሕረት በሚቀጥለው ዓመት የጂምናዚየም መግቢያ ፈተና መውሰድ አለባት አሏቸው። ጂምናዚየም እዚህ አገር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ነው፣ በዚያ ያላለፈ ልጅ ብዙ መዞር ይጠብቀዋል። ምሕረት የምትማረው ከሚሰሙ ልጆች ጋር ስለሆነ፣ መምህሩ የሚናገረውን ፊቷ ሆኖ በእጁ የሚነግራት አስተርጓሚ ያስፈልጋት ነበር፣ አስተርጓሚ የሚሰጠው ደግሞ ወላጆቿ ሲጠይቁላት ነው። «እስከ ገና ድረስ አስቡና ንገሩኝ» አሉ ሄር ብሩነር። አባዬ ከዚህ ትምህርት ቤት እዚያ የገባ ልጅ እንዳለ ሲጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «እኔ እዚህ ካለሁ ጀምሮ፣ የለም» ብለው መለሱለት።

ምሕረት ግን ያን ሰሞን እግሯ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት ወደምሄድበት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ክበብ ገብታ ወሬውን መጀመሪያ የነገረችው ለፍራው ኬለር ነው። ፍራው ኬለር ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ነበሩ፣ እሳቸውም አይሰሙም ነበር፣ ሲያወሩ እጃቸው ስለሚፈጥን እኔ ግማሹን ብቻ ነበር የምይዘው። በእሳቸው ልጅነት ትምህርት ቤት ውስጥ በእጅ መናገር ክልክል እንደነበረ ነገሩን፤ ልጆቹ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ይቀመጡና የመምህሩን ከንፈር እያዩ በግድ ድምፅ እንዲያወጡ ይደረግ ነበር፣ እጁ ያመለጠው ልጅ ይመታ ነበር። ትምህርት ሲያልቅ ሴቶቹ ወደ ስፌት ወንዶቹ ወደ አናጢነት ይላካሉ፣ ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከክፍላቸው አንድ ልጅ ብቻ እንደምንም ተፍጨርጭሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የፕሮፌሰሩን ከንፈር ሲከተል ይውላል፣ ሰውዬው ወደ ሰሌዳው በዞሩ ጊዜ ሁሉ ቃሉ ይጠፋበታል፣ ያመለጠውን ከጎረቤቱ ላይ ይገለብጣል። ቀጥሎ የመጡት ፕሮፌሰር አፋቸው የማይታይ ጢማም ሆኑበትና ትምህርቱን ትቶ ወጣ። በአሜሪካ ግን በአያቶቻቸው ዘመን ሳይቀር ሁሉ ነገር በእጅ የሚሰጥበት ኮሌጅ እንደነበረ፣ ልጅ ሳሉ ፎቶውን መጽሔት ላይ አይተው ውሸት መስሏቸው ገጹን እንደገለበጡት ነገሩን። ምሕረት ወደ ቤት ስንመለስ ትራም ውስጥ ለእኔ በእጇ «ጢማሙ ለእኔ ይምጣልኝ፣ አስተርጓሚ ይኖረኛል» አለችኝና ሳቀች። እኔ ግን እጆቿ ከጭኗ ሥር ተይዘው እየታዩኝ አልሳቅሁም።

አገር ቤት ክረምት የሚባለው ሐምሌ እዚህ በጋ ነው፣ በዚያ በጋ በየከተማው ያሉ የኛ ሰዎች ጉባኤዎች ጄኔቫ ላይ አንድ ላይ ሊያመልኩ ተጠሩ። ከውጭ የሚመጣ ሰባኪ እንዳለና በጸሎቱ ብዙ ሰው እንደተፈወሰ ተወራ። ለዓመታት ስሟን እንኳ መስማት የማትፈልገውን ከተማ እማዬ ራሷ «እንሂድ» ስትል አባዬ ደንግጦ አያት። «እዚያ የጠፋብኝ እዚያው ይገኛል» አለችው። ባቡር ውስጥ ሐይቁ ብቅ ሲል ዓይኗን ጨፍና የምሕረትን ጉልበት ይዛ ነበር፣ እኔም ምን እንደምፈራ ሳላውቅ የእሷን ክንድ ያዝኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰባኪው ሕመምተኞች ወደ ፊት ይምጡ ሲሉ እማዬ በአንድ እጇ ምሕረትን በአንድ እጇ እኔን እየጎተተች መድረክ ላይ ወጣች። ሰባኪው የምሕረትን ሁለት ጆሮ በመዳፋቸው ይዘው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞሩትና «እህቴ፣ እስቲ በስሟ ጥሪያት» አሏት እማዬን። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር የማየው ጫማዋን ብቻ ነበር። «ምሕረት!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ስትጣራ ቀኝ እግሯ ሁልጊዜ ቤታችን ውስጥ እንደሚያደርገው ተነሥቶ መድረኩን ሁለቴ መታው። መድረኩ እንጨት ነበር። ምሕረት ዞረች።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እማዬ እግሯ ምን እንዳደረገ አላወቀችም፣ በጉልበቷ ወድቃ የምሕረትን ቀሚስ እየሳመች ታለቅስ ነበር፣ እኔ እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አጠገቤ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር፣ እኔ ብቻ እጄ ከጎኔ ደርቆ ቀረ። አሁን አንድ ነገር ብናገር ጣሪያው የሚወርድብኝ መሰለኝ። ምሕረት በሰው መካከል ፊቴን ፈልጋ አገኘችውና እጇን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ፣ ማንም በማያይበት፣ «እግሯ ነው። ተያት፣ ለዛሬ ደስ ይበላት» አለችኝ።

ለዛሬ ያለችው ግን በዚያ ቀን አላበቃም። መኸር ገብቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እማዬ በዙሪኩ ጉባኤያችን ፊት ቆማ ምስክርነት ሰጠች፣ ሰው ሁሉ ምሕረትን እያቀፈ በጆሮዋ «ጌታ ይመስገን» ይላት ነበር፣ እሷም ሲለቋት ከንፈራቸውን እያየች ፈገግ ትል ነበር። ቤት ውስጥ እማዬ ወለል መምታት ተወች። ሳሎኑ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈችበት፣ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል፣ አሮጊቷም ይረፉ» አለች። ከምንጣፉ በኋላ የማናችንም እርምጃ ለምሕረት መድረሱ ቀረ፣ ሰው በድንገት አጠገቧ ሲደርስ ክው ትል ጀመር። እማዬ ከማድቤት በድምፅዋ ጠርታት መልስ ትጠብቃለች፣ እኔ ደግሞ ከምሕረት ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ዓይኔን ወደ ማድቤቱ አነሣለሁ፣ ምሕረት ዓይኔን አይታ ትነሣለች፣ እማዬም «እየሰማች እኮ ነው» ብላ ለአባዬ ትናገራለች። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ሳላነሣ ዝም ብል ምን ይመጣ ይሆን ብዬ ሳስብ ፈጥኜ አነሣው ነበር።

ሄር ብሩነር እንደገና ሲጠሩን ሁላችንም ሄድን። «አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፣ ልጄ ተፈውሳለች» አለቻቸው እማዬ በዚያ ጥቂት ጀርመንኛዋ። እሳቸው ወደ አባዬ አዩ፣ አባዬ ጠረጴዛውን አየ። ምሕረት ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ፣ ሁለት እጇን አንሥታ «አልሰማም፣ እማዬ፣ አልሰማም» ማለት ስትጀምር እማዬ እጆቿን ያዘቻቸውና ቀስ አድርጋ፣ በፍቅር፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በራሷ መዳፍ ሸፈነቻቸው። «በአፍሽ፣ የኔ ልጅ። በእምነት በአፍሽ ተናገሪ» አለቻት። ፍራው ኬለር ከነገሩን የከፋው ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ፤ እሳቸውን እጃቸውን የሚያስይዛቸው የማይወዳቸው ሰው ነበር፣ የምሕረትን የያዘቻት ግን እናታችን ናት።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ስንሄድ አባዬ ቆም አለና «አልማዝ፣ ልጅቷ አትሰማም» አላት።

«እና እኔ በገዛ አፌ ጌታን ልካደው?» አለችው። «ያን ቀን ሳህን አጥቤ ስጨርስ የደረስኩትን ሴት ይቅር ብሎኛል ብዬ ነው የምኖረው። አትሰማም ካልክ ይቅር አልተባልኩም ማለት ነው።»

አባዬ የምሕረትን እጅ ይዞ መንገዱን ቀጠለ። እኔም በዚያ ጊዜ እማዬን የማጣት ፍርሃት ያዘኝ፣ የት እንደምትሄድብኝ ሳላውቅ።

የኅዳር ብርድ ሲገባ ተራችን በደረሰ ቀን ምሕረትና እኔ ምድር ቤት ወዳለው የሕንጻው ማጠቢያ ክፍል ልብስ ይዘን እንወርድ ነበር። የዚያ ክፍል መብራት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነው፣ ማብሪያው ደግሞ በሩ አጠገብ። አንድ ከሰዓት በኋላ ምሕረት ስለ ፈተናው እያወራችኝ ድርግም አለ። ድሮ እሮጥና አበራው ነበር፣ ያን ዕለት ግን እጄን ጨብጣ አለቀቀችኝም። መዳፌ ላይ በጣቷ አንድ በአንድ ፊደል ጻፈች፤ «ያለ አስተርጓሚ ክፍል መግባት ይሄ ነው» የሚል ነበር። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይሽከረከራል፣ የእሷ ጣት ግን ቀጥ ያለ ነበር። ላበራ ስሄድ ማብሪያውን ጨርሶ የማላገኘው መሰለኝ።

ሄር ብሩነር የሰጡን ቀን ሊያልቅ ሲል በረዶ ጣለ። ከጉባኤ ተመልሰን ዜባህ ፌርማታ ላይ ወርደናል፣ አባዬ ጎረቤታችን ባለችው ከተማ በኦፕፊኮን በሚሠራበት ሆቴል ተረኛ ስለነበረ ከእኛ ጋር አልነበረም፣ እማዬም ከዚያ መኸር ወዲህ ምሕረትን መሃል ማስገባት ስለተወች እህቴ ቀድማን ትሄድ ነበር። ሐዲዱን ለመሻገር ጎንበስ ብላ ኮፍያዋን ጆሮዋ ድረስ ስትጎትት ትራሙ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ደወሉ ተንጫረረ። እማዬ «ምሕረት!» አለች፣ ደግማ «ምሕረት!» አለች፣ እህቴ አንድ እግሯን ሐዲዱ ላይ አሳረፈች። ያኔ የእማዬ ቀኝ እግር ተነሣ። መሬቱን መታችው፣ መታችው፣ በረዶው ግን ጭጭ አለ። እኔ ሮጬ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ በያዝኩ ጊዜ ትራሙ ሐዲዱን እያፋጨ ሁለታችን አጠገብ ቆመ፣ የሹፌሩ ፊት በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ምሕረት ወደ ኋላ ስትወድቅ ነው ምን እንደነበረ ያወቀችው።

እማዬ ወደ እኛ አልሮጠችም። በረዶው ውስጥ ጉድጓድ የሠራችውን እግሯን እያየች ቆማ ነበር። ስንደርስባት ምሕረትን ደረቷ ውስጥ ከተተቻትና በእሷ ራስ ላይ ሆና እኔን «ሎዛ፣ ጄኔቫ ላይ... መድረኩን መትቼው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት። ጣሪያ አልወረደብኝም። እማዬ ግን ዐሥር ዓመት የጨመረች መሰለችኝ፣ ቤት እስክንገባ ድረስ የሚደግፋት ሰው የምትፈልግ ሆነች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሞ ነበር። እማዬ ሥራ ለብሳ የምትሄደውን ሳይሆን የጉባኤ ልብሷን ለብሳ አባዬን ይዛ ሄር ብሩነር ዘንድ ሄደች፣ ልጇ እንደማትሰማና አስተርጓሚ እንደምትፈልግ በገዛ አፏ ተናገረች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም ብሎ አባዬ ነገረን። የተንቀጠቀጠው በቀጣዩ እሑድ ነው፣ እንደገና ምስክርነት አለኝ ብላ ተነሥታ እግሯ ያደረገውን ሁሉ በሰው ፊት ስትናገር። እልል የሚል አልነበረም። እኔ ከወንበሬ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም፣ ያባርሩናል ብዬ። ከዚያ መጋቢያችን ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ምሕረት ፊት ቆመው፣ ለእሷ እንዲታያት ቀስ ብለው አፋቸውን እየከፈቱ፣ «ለፈተናሽ እንጸልያለን» አሏት።

በጸደይ ፈተናውን ወሰደች፣ አለፈች። እኔ አበቃ ብዬ ነበር፣ ነገር ግን ጂምናዚየም የገባ ልጅ መጀመሪያ የሙከራ ጊዜ አለበት፣ ያላሟላ ይመለሳል፣ ስለዚህ ፍርሃታችን እስከሚቀጥለው በረዶ ተራዘመ። እማዬ ያን መኸር ምሕረት በገባች ቁጥር የምታየው ፊቷን ነበር። አስተርጓሚዋ ጥቁር ሸሚዝ የምትለብስ ቀጭን ሴት ነበረች፣ እጇ ጎልቶ እንዲታይ ነው የምትለብሰው፣ እማዬም በስሟ ትጸልይላት ነበር። ወሬው ሲመጣ፣ ምሕረት የሙከራ ጊዜዋን አልፋ እዚያው ትቀጥላለች ሲባል፣ እማዬ ወለሉን ሁለቴ ሳይሆን እስኪበቃት መታችው፣ አሮጊቷም ከታች በመጥረጊያ መለሱላት።

ያ ሁሉ አለፈ። ባለፈው ዓመት ምሕረት እዚሁ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ስትመረቅ ፍራው ኬለር ዱላቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር፣ ፕሮፌሰሮቹ በተራ ሲገቡ ጢማም እየፈለጉ በእጃቸው ያስቁኝ ነበር። የእህቴ ስም ሲጠራ አስተርጓሚዋ ነግራት ወጣች፣ ጀርባዋ ወደ እኛ ነበር፣ እማዬም እግሯን አንሥታ ወለሉን ሁለቴ መታችው።

«እማዬ፣ ድንጋይ ነው። አይደርሳትም» አልኳት በጆሮዋ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ምሕረት ወረቀቷን ተቀብላ ዘወር ስትል በዓይኗ የፈለገችው መጀመሪያ የእማዬን እግር ነበር። አገኘችውና ሳቀች። እማዬ ያን ጊዜ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣችና መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደሚያጨበጭቡት በአየር ላይ አርገበገበቻቸው፣ ያን ቀን የእህቴን እጆች ጭኗ ላይ ይዘው የነበሩት እጆች ናቸው። እኔ ዛሬም ትራም ሲመጣ ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞሬ አያለሁ፣ ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ከላዬ ያለው ሕፃን ሲመታ ግን እንደ ድሮው ልቤ አይደነግጥም። ዞር እላለሁ፣ ማንም እንዳልጠራኝ አያለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።